ውኃና ሕግ በፎገራ ሜዳ፦ ከርስት እስከ ሩዝ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋውና የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ደለል የሚያለብሱት የፎገራ ሜዳ፣ በአዋጅ የተጻፈው የመሬት ሕግ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር እንዴት እንደሚጋጭና እንደሚታረቅ ለማጥናት ምቹ ስፍራ ነው። ምክንያቱም የመሬት ሕግ የሚታሰበው ወሰኑ ተለይቶ ለሚታረስ መሬት ሲሆን፣ የፎገራ ዋልካ ግን በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ውኃው ሲሸሽ ከፊሉ የከብት መስክ፣ ከፊሉ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ የሚበቅልበት በመሆኑ፣ የመሬቱ ጠባይ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል።

በቀድሞው ሥርዓት ርስት ማለት፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዳቸውን በአባትም ሆነ በእናት ወገን መቁጠር የሚችሉ ሁሉ የሚጠይቁት መብት ነበር፤ ጉልት ደግሞ መኳንንትና አድባራት ከዚያው መሬት ግብር የሚቀበሉበት መብት ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ያጠናው፣ በጎንደርና በአካባቢው አድባራት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰፈሩ የስጦታ፣ የሽያጭና የክርክር ማስታወሻዎችን በመመርመር ነው። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፉን ያወጣው አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት ከገበሬዎች መካከል ተቀምጦ ባደረገው ጥናት፣ የዘር ቆጠራው ለብዙ ሰው ክፍት በመሆኑ መሬቱ በመጨረሻ በማን እጅ እንደሚገባ የሚወስነው የተከራካሪው ሹመት፣ ዘመድና የሙግት ችሎታ መሆኑን አሳይቷል። ሕጉን ከሰነድ ብቻ የሚያነብ ሰው ሙግቱን፣ ሙግቱን ብቻ የሚያዳምጥም ሰነዱን ይስታል። ይሁንና ዳሞት ፎገራ አይደለም፤ በፎገራ ዋናው ሀብት ወተቱም ጉልበቱም የሚፈለገው፣ ረግረጉን የለመደው የፎገራ ከብት በመሆኑ፣ ከእርሻው እኩል ትኩረት የሚሻው የወል ግጦሹ፣ ማለትም ማንም ለብቻው የእኔ የማይለው መስክ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ሽያጭን፣ ኪራይንና መያዣ ማስያዝን ከለከለ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘውንም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ገደበ፤ ዳኝነቱንና ድልድሉን ለገበሬ ማኅበራት ሰጠ። ለርስት አገር ገበሬ ይህ ከጉልተኛው ግብር መገላገል ቢሆንም፣ በትውልድ የሚጠየቀውን መብት የነዋሪነት መብት አደረገው። ያም ሆኖ አዋጁ የፎገራን መስክ መስክነት አልነካም፤ ውኃ የተኛበትን መሬት ለማረስ የሚያነሣሣ ሰብል አልነበረምና።

ያ ሰብል በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጣ። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝን አስለመዱ፤ ከዚያ የቀረው ዝርያ ዛሬም ኤክስ-ጅግና ተብሎ ይጠራል። ማኅበራቱ በደርግ ዘመን ማብቂያ ሲፈርሱ ሩዙ በግል ገበሬው እጅ ቀጠለ፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ለእንጀራ ስለሚሆን ገበያ አገኘ፣ በወረታ ከተማም የመፈልፈያ ወፍጮዎች ተበራከቱ። ሩዝ አረም የሚበዛበት ሰብል በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ከነልጆቹ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚውልበት ሥራ ሲሆን፣ ጉልበት ያነሰው በወንፈል ወይም በቀን ሠራተኛ ይሞላል። ሩዝ የሚያፈራው ሌላው ሰብል በሚበሰብስበት ውኃ ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የወል መስኩ የሚታረስ ዋጋ አገኘ፤ ከየአቅጣጫው እየተገፋና መሬት ለሌላቸው እየተደለደለ ጠበበ። በዚህ ጽሑፍ እይታ የፎገራን የወል ግጦሽ ያጠበበው ከአዋጆቹ ይልቅ ሰብሉ ነው።

አዋጆቹ በበኩላቸው በታራሹ መሬት ላይ ያተኮሩ ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል ባካሄደው ሽግሽግ፣ በደርግ ዘመን በቀበሌ አመራር የነበሩ ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር ገደማ፣ የማይበልጥ መሬት ሲተውላቸው፣ ለሌሎች ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር፤ አንድ የፖለቲካ ስያሜ ማሳ ለመለካት ዋለ። ከ1992 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ይዞታ በገመድ እየተለካ፣ የባልና የሚስት ስም አብሮ እየሰፈረ የማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር። ደብተሩ የሴቶችን ድርሻ ግልጽ ማድረጉ አያከራክርም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን አጥለቀለቁ፣ ብዙ ሕዝብም ከቀየው ተፈናቀለ። በገመድ የተለካ ወሰን በደለል ሥር ሲቀበር፣ ዳኝነቱ ወሰኑን ወደሚያስታውሱ ጎረቤቶችና ሽማግሌዎች ይመለሳል።

የፎገራ ከብት ዝርያን ጠብቆ የማቆየቱ ሥራ ዛሬ በአብዛኛው የሚከናወነው ከሜዳው ውጪ፣ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ባለው በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና በመተከል ማርቢያ ሲሆን፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመው ደግሞ እዚያው ወረታ ላይ ነው።