ማሲንቆና ሸክላ

በባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ማሲንቆው አንዲቱን ሐረግ እየመላለሰ ሳለ፣ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማው ላይ ያሳርፈዋል። ዜማው የቆየ፣ ቃሉ የዚያች ሌሊት ነው። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ከጣና ዳርቻ እጅግ ርቆ፣ በኒውዮርክ ብሮንክስ ሰፈር፣ ተቀራራቢ ጥበብ በሸክላ ተሠርቷል። በሶልና በፈንክ ሸክላዎች መካከል ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት ስፍራ አለ። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በእህቱ ድግስ ላይ ሸክላ ያጫወተው የጃማይካ ተወላጅ ኩል ኸርክ፣ ጨፋሪው የሚናፍቀው ይህንኑ እንደ ሆነ ተረዳ። የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ አጭሩን ስፍራ አስረዘመው፤ በላዩም ቃል ተነገረበት። የሂፕ ሆፕ መሠረት ይህ ነው።

ኋላ በመሣሪያ እየተቀነጨቡ ከተወሰዱት መካከል ስመ ጥሩው፣ በ1962 የወጣው የጄምስ ብራውን «ፈንኪ ድራመር» ነው። ፐብሊክ ኤነሚ በ1981 «ፋይት ዘ ፓወር» ውስጥ አውሎታል። ከበሮውን የመታው ክላይድ ስተብልፊልድ ነበር፤ ድርሰቱ የተመዘገበው ግን በዘፋኙ ስም ነውና፣ በ2009 እስኪሞት ድረስ ከእጁ ሥራ ተገቢውን ድርሻ አላገኘም። አዝማሪ ቤት ቢሆን ሽልማቱ በግንባሩ ላይ በተለጠፈለት!

ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መባቻ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደውን ሸክላ የማሳተም መብት ከተዳፈረ ወዲህ፣ የብዙ ሙዚቀኞች ድምፅ በሸክላ ተርፏል። በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2002 «አዝ ዊ ኤንተር»ን ሠርተውበታል። በጣና ዳር ማሲንቆ የሚቃኝበት ትዝታ፣ ብሮንክስ በከፈተው መንገድ ዓለምን ዞረ። የሙላቱ ስም ታውቋል፤ በዚያ ሸክላ አብረውት የተጫወቱትን በስም የሚጠራ አድማጭ ግን ጥቂት ነው።