የለንደን የምርጫ ድሎችና የሀርጌሳ ዕጣ

ከሀርጌሳ በስተደቡብ ተነሥቶ ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያ የሚዘልቀው ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ሐውድ ይባላል። ለልጆቻችን ግመልና ፍየል የሚታይበት ሜዳ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ሜዳና የዚህች ከተማ ዕጣ በአንድ ወቅት ከለንደን ምርጫ ጋር የተሳሰረ ነበር። ይህች አጭር ጽሑፍ ያንን ታሪክ ታስታውሳለች፤ የተጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሐምሌ 1945 በእንግሊዝ በተደረገው ምርጫ አገራቸውን በጦርነቱ የመሩት ዊንስተን ቸርችል ያሸንፋሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ የክሌመንት አትሊ የሠራተኛ ፓርቲ ከ640 የፓርላማ መቀመጫዎች 393ቱን አገኘ። ፓርቲው ያገኘው ድምፅ ግን ከግማሽ በታች ነበር። በእንግሊዝ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘ ሰው መቀመጫውን ስለሚወስድ፣ የመቀመጫው ልዩነት ከድምፁ ልዩነት እጅግ ይሰፋል። እንግሊዞች ያንን ድል የሚያስታውሱት በ1948 በተጀመረው የነፃ ሕክምና አገልግሎትና በ1947 በህንድ ነፃነት ነው። በእኛ አካባቢ ግን ሌላ ትዝታ ትቷል።

በ1942 እና በ1944 በተደረጉት ስምምነቶች መሠረት ኦጋዴንና ሐውድ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይተው ነበር። የአዲሱ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን በ1946 የእንግሊዝ ሶማሌላንድን፣ የቀድሞውን የጣሊያን ሶማሊያንና ኦጋዴንን አንድ አድርጎ በሞግዚት አስተዳደር ሥር የሚያኖር ሐሳብ አቀረቡ። ብዙ ሶማሌዎች ሐሳቡን በደስታ ተቀበሉት። ኢትዮጵያ ግን የግዛቷ ጉዳይ በመሆኑ አጥብቃ ተቃወመች፤ ሌሎቹ ኃያላን መንግሥታትም እንግሊዝን ስለ ተጠራጠሩ ውጥኑ ከሸፈ። ኦጋዴን በ1948፣ ሐውድ ደግሞ በኅዳር 1954 በተፈረመው ውል መሠረት በ1955 ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሱ። ለአዲስ አበባ ይህ የተወሰደ መሬት መመለስ ነበር። ለሀርጌሳ አርብቶ አደር ግን የግጦሹና የውሃ ጉድጓዱ ጉዳይ ነበርና ከተማዋ በሐዘንና በቁጣ ተሞላች፤ ማይክል ማሪያኖ ያሉበት የአቤቱታ ልዑክም ወደ ለንደን ተጓዘ። ሁለቱንም ስሜት ማወቅ ከጎረቤቶቻችን ጋር ለመኖር ይጠቅመናል።

ሁለተኛው ትልቅ ድል በጥቅምት 1959 የሃሮልድ ማክሚላን ነው። ወግ አጥባቂው ፓርቲያቸው ከ630 መቀመጫዎች 365ቱን በማግኘቱ፣ ቅኝ ግዛት መልቀቅን የሚቃወሙ የራሳቸውን ሰዎች ብዙም ሳይፈሩ መጓዝ ቻሉ። አዲሱ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ኢያን ማክሊዮድም ሥራውን አፋጠኑት። በየካቲት 1960 ሶማሌላንድ ራሷ ምርጫ አደረገች። ከ33 መቀመጫዎች የሶማሌ ብሔራዊ ሊግ 20፣ የተባበረ ሶማሌ ፓርቲ 12 ሲያገኙ፣ የሐውድን ጥያቄ አንግቦ የተነሣው ብሔራዊ የተባበረ ግንባር አንድ መቀመጫ ብቻ ቀረለት። ሶማሌላንድ በመሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል መሪነት ሰኔ 26 ቀን ነፃ ወጣች፤ ከአምስት ቀን በኋላም ከደቡቡ ሶማሊያ ጋር ተዋሐደች።

ትልቅ ድል ግን ሁልጊዜ በረከት አይደለም። በመጋቢት 1969 በሶማሊያ ምርጫ የሶማሌ ወጣቶች ሊግ ከ123 መቀመጫዎች 73ቱን ሲያሸንፍ፣ ከተቃዋሚዎቹ አብዛኞቹ ወደ ገዥው ፓርቲ ጎረፉ። ምክር ቤቱ የሚቃወም ሰው አጣ ለማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን ጦር ሠራዊቱ ሥልጣን ሲይዝ ምክር ቤቱ ፈረሰ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኢጋልም ታሰሩ። የዚያ አገዛዝ መጨረሻ ምን እንደ ሆነ መሐል ከተማ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ይመሰክራል። በ1988 ሀርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ ሕዝቧ በብዙ መቶ ሺህ እየሆነ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ከተጠለሉባቸው ስፍራዎች አንዱ ሐርታ ሼክ ነበር፤ ይኸውም ያው የተከራከሩበት የሐውድ ምድር ነው።

በ2003 በሶማሌላንድ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዳሂር ሪያሌ ካሂን አሕመድ ሲላንዮን የቀደሙት፣ ኮሚሽኑ እንዳስታወቀው፣ በ80 ድምፅ ብቻ ነው። ክርክሩ በፍርድ ቤት አለቀ፤ ሲላንዮም ጊዜያቸውን ጠብቀው በ2010 በምርጫ አሸነፉ።

የለንደኑ የ1945 ድል ሲታወጅ የሀርጌሳ ሰው ድምፅ አልነበረውም፤ ስለ መሬቱ ግን ሌሎች ተነጋገሩ። ዛሬ የራሱን ሣጥን ራሱ ይቆጥራል። ለማኅበራችንም ሆነ ለአገራችን ትምህርቱ አንድ ነው፦ የድል ትልቅነት የሚለካው በመቀመጫ ብዛት ሳይሆን፣ ተሸናፊው በማግስቱ በሰላም ወደ ስብሰባው ተመልሶ ለመናገር በመቻሉ ነው።