«ነውር ነው» ያሉት የኤውትፍሮን ዘመዶች፦ የሶቅራጥስ ክስና የ«ሆሲዮን» ትርጉም በአማርኛ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት፣ ዕድሜው ሰባ የደረሰው ሶቅራጥስ በአቴና አደባባይ ዳር ወደሚገኘው «የንጉሡ» አዳራሽ ለክስ ተጠርቶ ቀረበ። በአቴና ንጉሥ ከቀረ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር፤ ማዕረጉ ግን በየዓመቱ ለሚሾም አንድ ባለ ሥልጣን ቀርቶለት፣ አምልኮን የሚመለከቱ ክሶችን እየመረመረ ወደ ዳኞች የሚያቀርበው እርሱ ነበር። ፕላቶ (የግእዝ ሊቃውንት ከዐረብኛ ተቀብለው አፍላጦን የሚሉት) ሶቅራጥስን ከኤውትፍሮን ጋር የሚያገናኘው በዚሁ አዳራሽ ደጅ ነው።

ኤውትፍሮን የመጣው አባቱን በነፍስ ግድያ ሊከስ ነው። በናክሶስ ደሴት በነበረው እርሻቸው አንድ ቅጥር ሠራተኛ ሰክሮ የቤቱን ባሪያ ገደለ። አባትየው ገዳዩን እጅ እግሩን አስሮ ጕድጓድ ውስጥ ጣለውና፣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ሥርዓት ዐዋቂውን እንዲጠይቅ ወደ አቴና ሰው ላከ። መልእክተኛው ሳይመለስ እስረኛው በረኃብና በብርድ ሞተ። ዘመዶቹ ልጅ አባቱን መክሰሱ «አኖሲዮን» ነው አሉት፤ ኤውትፍሮን ደግሞ አኖሲዮን የሚሆነው አለመክሰሱ ነው አለ። ይህን ቃልና አዎንታዊ መልኩን «ሆሲዮንን» በአማርኛ ምን እንበላቸው? ጥያቄው የመዝገበ ቃላት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ የተለመደ ምርጫ አንድ የክርክሩ ክፍል ይፈርሳል።

በመጀመሪያ «ጽድቅ»። ለዚህ ቃል የሚቀርበው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ የግእዙ መዝሙረ ዳዊት በ15፥10 የግሪኩን ሆሲዮስ «ጻድቅ» ይለዋል። ይሁን እንጂ ግእዝ «ዲካዮስ» የተባለውን፣ ማለትም ፍትሐዊውንም ሰው፣ በዚሁ በጻድቅ ይጠራል። ሶቅራጥስ በውይይቱ አጋማሽ የሚጠይቀው ሆሲዮን ሁሉ ፍትሐዊ እንደ ሆነ፣ ፍትሐዊ ሁሉስ ሆሲዮን እንደ ሆነ ነው። ሁለቱን በጽድቅ የተረጐመ ሰው «ጽድቅ የጽድቅ ክፍል ነውን?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል።

«ፈሪሃ እግዚአብሔር»ም አያዛልቅም። ኤውትፍሮን ሆሲዮን ማለት አማልክት የሚወዱት ነው ሲል ሶቅራጥስ የሚረታው አማልክት እርስ በርሳቸው ስለሚጣሉ ነው፤ አንዱ የወደደውን ሌላው ይጠላል። አንድ አምላክን በውስጡ የያዘ ቃል ይህን ጠብ ከመጀመሪያው ይዘጋል። በዚህ ላይ ሶቅራጥስ ፍርሃትንና አክብሮትን ያጣመረ አንድ ባለ ቅኔን ይነቅፋል፤ ሰው በሽታንና ድህነትን ይፈራል እንጂ አያከብራቸውም ይላል። ትርጉሙ አስቀድሞ ፍርሃትን ከጨመረ ይህ ነቀፋ ትርጉም ያጣል።

ሦስተኛው ምርጫ ከሁሉ ይልቅ ያስገርመኛል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በጢሞቴዎስ መልእክቶች «ኤውሴቤያ» የተባለውን፣ የሆሲዮንን የቅርብ ዘመድ፣ «እግዚአብሔርን መምሰል» ይለዋል። ሐረጉ ሳይታሰብ ወደ ፕላቶ ይወስደናል፤ «ቴአይቴቶስ» በተባለው ድርሰቱ ሰው በተቻለው መጠን አምላክን መምሰል እንደሚገባውና መምሰልም ከማስተዋል ጋር ፍትሐዊና ሆሲዮን መሆን እንደ ሆነ ተጽፏል። በ«ኤውትፍሮን» ውስጥ ግን ይህ የተከሳሹ ሳይሆን የኤውትፍሮን መከራከሪያ ነው። ዜውስ አባቱን አስሯል፤ እኔም አባቴን ብከስ ምን አጠፋሁ? ሆሲዮንን «አምላክን መምሰል» ያለ ተርጓሚ ክርክሩን ሳይጀመር ለኤውትፍሮን ፈርዶለታል።

የድርሰቱ እምብርት ሰዋስው ነው። ሆሲዮንን አማልክት የሚወዱት ሆሲዮን ስለ ሆነ ነው፣ ወይስ ስለ ወደዱት ነው ሆሲዮን የሆነው? ሶቅራጥስ ጥያቄውን የሚያብራራው «ፌሮሜኖን» (የሚሸከሙት) ከ«ፌሬታይ» (ይሸከሙታል) በመለየት ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ችግርም ጸጋም አለው። «ተሸከመ» በአድራጊ ትርጉሙ አስቀድሞ ተ- ስላለበት ተደራጊን በተ- ልናወጣለት አንችልም። ሁለተኛው ምሳሌ፣ መምራት፣ በፊደል «የሚመራ» ተብሎ ሲጻፍ መሪውንም ተመሪውንም ያመለክታል፤ ልዩነቱ ያለው ፊደላችን በማይጽፈው ጥብቀት ነው። ነገር ግን «ሸክም ሸክም የሆነው ስለ ተሸከሙት ነው» ብንል፣ ከግሪኩ ይልቅ ግልጽ የሆነ ምሳሌ በእጃችን ይገባል። «ተወዳጅ»ን ደግሞ መሸሽ ይገባል። ሊወደድ የሚገባውንም በእርግጥ የተወደደውንም ስለሚናገር ሶቅራጥስ ሊለያቸው የሚደክምባቸውን ሁለት ነገሮች መልሶ ያደባልቃል፤ «የተወደደ» ይሻላል።

የእኔ ሐሳብ ከአሉታው መነሣት ነው። ዘመዶቹ አኖሲዮን ሲሉ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚሰማው «ነውር ነው» የሚለውን ነው። ነውር የቤት ቃል ነው፤ ልጅ በአባቱ ላይ ሲነሣ ይነገራል። በዚያው የመሠዊያም ቃል ነው፤ ለመሥዋዕት የሚቀርበው በግ ነውር የሌለበት መሆን አለበት። ዝምድናንና መሠዊያን በአንድ ቃል የሚያገናኝ ሌላ አላገኘሁም። «ነውር የሌለበትን አማልክት የሚወዱት ነውር ስለሌለበት ነውን?» የሚለው ጥያቄ አይፈርስም፤ ከፍትሕም ተለይቶ ይቆማል። ጕድለቱ ነውር ወደ ሰው ዐይን፣ ወደ ኀፍረት፣ ማዘንበሉ ነው፤ ግሪኩ ለኀፍረት ሌላ ቃል አለው። ይህን ጕድለት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የክሱ ቃልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ዲዮጋንስ ላኤርትዮስ እንደ ጠበቀልን፣ ከሳሹ ሜሌጦስ ሶቅራጥስ ከተማይቱ የምትቀበላቸውን አማልክት አይቀበልም፣ አዲስ መለኮታዊ ነገር ያስገባል፣ ወጣቶችንም ያበላሻል ብሎ ነበር። «ተቀበለ» ያልሁት ግሥ «ኖሚዜይን» ነው፤ ሕግንም ልማድንም ከሚገልጸው «ኖሞስ» የወጣ ነው። «አያምንም» ብንለው ክሱ የልብ ምርመራ ይሆናል፤ ከተማይቱን ግን ከልብ ይልቅ ያሳሰባት መሥዋዕቱና በዓሉ ነበር። እርግጥ ሶቅራጥስ ራሱ በችሎቱ ሜሌጦስን ወደ እምነት ጥያቄ ስቦ፣ «በአማልክት ጨርሶ አያምንም» እንዲል አድርጎ ያጠምደዋል፤ ስለዚህ በዚያ ገጽ «ማመን» ትክክል ነው። አንድ ግሥ በአንድ ችሎት ውስጥ ሁለት ትርጕም ቢፈልግ ተርጓሚው ሁለቱንም ሊሰጠው ይገባል።

ሠላሳ ድምፅ ወደ ሌላው ወገን ቢዞር ነፃ ይወጣ እንደ ነበር ሶቅራጥስ በመከላከያው ይናገራል። ሞት ከተፈረደበት በኋላ ግን ወዲያው አልተገደለም። በየዓመቱ ወደ ዴሎስ የሚሄደው የአፖሎ መርከብ እስኪመለስ ከተማይቱ በሞት ቅጣት እንዳትረክስ ሕግ ይከለክል ነበርና፣ ዜኖፎን እንደሚለው ሠላሳ ቀን በእስር ቤት ቈየ። መርከቡ ሲገባ የአቴና ሰዎች ከነውር ተጠብቀው መርዙን ሰጡት።