የገና ካርድና የሠሪው ስም



ገና በቀረበ ቁጥር የካምፓችን ወጣቶች «ካርድ አሠራር አሳዩን» እያሉ ይጠይቁናል። ነገሩ የወረቀትና የኮላ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም ከበስተ ኋላው ረዥም ታሪክ አለ። በዚህ እትማችን ያን ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብላችሁ አስበናል። ከእኛ መካከል ጥቂቶቻችን ሥራውን የተማርነው ናይሮቢ፣ ላቪንግተን በሚባለው ሠፈር ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምራለን።

ላቪንግተን ከናይሮቢ በስተ ምዕራብ የሚገኝ የባለጸጎች መኖሪያ ነው። አካባቢው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን የቅዱስ አውስቲንን ሚሲዮን መሥርተው ቡና የተከሉበት ነው። ከአገራችን የወጣው ቡና ስንት ባሕር ዞሮ እዚያ ቀድሞን ደርሷል ማለት ነው። በቅኝ አገዛዝ ዘመን ሠፈሩ የነጮች ነበር። ከጎኑ ደግሞ የድኾች መንደር የሆነው ካዋንግዋሬ አለ። እኛም በካዋንግዋሬ የቆርቆሮ ቤት ተከራይተን፣ በየማለዳው በእግራችን ወደ ላቪንግተን እየተሻገርን እንሠራ ነበር።

የሥራው ቦታ በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል ነበር። ወፍራሙ ወረቀት ለሁለት ይታጠፋል። የጎማ ማኅተም ቀለም እየተነከረ ኮከቡ፣ በረቱና በጎቹ ይታተማሉ። ከዚያ በላይ የሚለጠፈው ቅርጽ የሚቆረጠው በእጅ በሚሽከረከር ትንሽ ማሽን ነው፤ ስለታም ጠርዝ ያለው የብረት ቅርጽ ከወረቀቱ ጋር ተደርቦ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ሲያልፍ መልአኩ ወይም ግመሉ ተቆርጦ ይወጣል። የሚከፈለን በካርድ ቁጥር ነበር። በጀርባው ላይ «በስደተኞች እጅ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ይታተማል። ስማችንን እንዳንጽፍ ግን ተነግሮናል። የቤት ኪራይ ስለሚጠብቀን «ለምን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንዲት እኅታችን ብቻ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ከኮከቡ ጥግ በመርፌ ጫፍ እየበሳች ታሳርፍ እንደ ነበር በኋላ አጫወተችን።

ናይሮቢ ገናን የምታከብረው በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 25 ቀን ነው። የእኛው ገና ከዚያ በ13 ቀን ይዘገያል። ስለዚህ የሌላውን በዓል ካርድ ሠርተን ካስረከብን በኋላ፣ የተራረፈውን ቁርጥራጭ ሰብስበን በ13ቱ ቀን ውስጥ የራሳችንን እንሠራ ነበር። ስም የምንጽፈው በነዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። ለሽያጭ የታተመ የመጀመሪያው የገና ካርድ የሚባለው በ1843 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ የወጣው ነው። ሄንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ ለበዓል ደብዳቤ ሁሉ መልስ መጻፍ ቢያቅተው፣ ሠዓሊ ወዳጁን ጆን ካልኮት ሆርስሊን ሥዕል አሠርቶ ወደ 1,000 ያህል ቅጂ አሳተመ። ሥዕሉ በማኅተሚያ ቤት ወጥቶ ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነበር። በመካከሉ አንድ ቤተሰብ ለበዓሉ ጽዋ ሲያነሣ ይታያል፤ በግራና በቀኙ ደግሞ የተራበ ሲበላና የታረዘ ሲለብስ ተሥሏል። የአንዱ ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር። ከ1840 ጀምሮ አንድ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ ይላክ ስለ ነበርና አንድ ሽልንግም 12 ፔኒ ስለ ሆነ፣ አንድ ካርድ የ12 ደብዳቤ መላኪያ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ድኻው የተሣለበትን ካርድ ድኻው ሊገዛው አይችልም ነበር።

በብረት ቅርጽ የመቁረጡ ጥበብ በዚያው ምዕተ ዓመት የተስፋፋው በጫማ ሥራ ነው። የጫማ ሶል ቆዳ በቢላዋ አንድ በአንድ መቁረጡ አድካሚ ስለ ነበር፣ በአንድ ምት የሚቆርጥ ቅርጽ ተበጀለት፤ ጥበቡ በኋላ ወደ ወረቀት ተሻገረ። የጎማ ማኅተምም የመጣው ቻርልስ ጉድይር ጎማን በሙቀት የማጠንከሩን ብልሃት በ1844 በስሙ ካስመዘገበ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ቅርጽ ማተም ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ድጉስ ያየ ሰው ይመሰክራል። ደጓሹ የብረት መሣሪያውን በእሳት አግሎ፣ በቆዳው ላይ እየተጫነ መስቀሉንና ሐረጉን ያትማል። ቀለም የለውም፤ ጌጡ የሚታየው በመጎድጎዱ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻም ጸሐፊው ብዙ ጊዜ የራሱንና ያስጻፈውን ሰው ስም ጠቅሶ አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስበው ይማጸናል። የካርድም ልማድ ቢሆን አለን። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጃገረዶች አበባ ይዘው ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ በቀለም ሥለው በየጎረቤቱ ያድሉ የለምን? ከኛ መካከል በልጅነቱ ያን ሥዕል ሰጥቶ ሳንቲም ያልተቀበለ ማን አለ?

አንድ ምሳሌ እንጨምር። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ማለት ዩኒሴፍ፣ የመጀመሪያውን የሰላምታ ካርድ ያወጣው በ1949 ነው። ሥዕሉን የሠራችው ዪትካ ሳምኮቫ የምትባል የሰባት ዓመት የቼኮዝሎቫኪያ ልጅ ነች። ከጦርነቱ በኋላ ድርጅቱ መንደሯን ስለ ረዳ፣ ለምስጋና በምሰሶ ዙሪያ የሚጨፍሩ ልጆችን ሣለች። ወረቀት ስላልነበረ የሣለችው በመስተዋት ላይ ነው። እርዳታ ተቀባይ ነበረች፤ ስሟ ግን እስከ ዛሬ ከሥዕሏ ጋር ይነሣል። እኛ ያን ጊዜ «በስደተኞች እጅ» በሚለው ቃል ውስጥ የጎደለን ይኸው ነበር።

በ2014 መንግሥት በከተማ ያሉ ስደተኞች ወደ ካኩማና ወደ ዳዳብ እንዲገቡ ባዘዘ ጊዜ ማሽኑም ማኅተሙም እዚያው ላቪንግተን ቀረ። እጃችን የለመደውን ግን አልረሳም። እዚህ ካኩማ ማኅተሙን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ በምላጭ እንቀርጻለን። ድንችም ይሆናል፤ በሙቀቱ ቶሎ መጠውለጉ ነው እንጂ። ቀለሙን እንደ ጥንቶቹ ጸሐፍት ከጥቀርሻና ከግራር ሙጫ እንበጠብጣለን። መቁረጫ ስለሌለን ከዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ቅርጹን አውጥተን፣ በወረቀቱ ላይ አስቀምጠን፣ ዙሪያውን በምላጭ እንከተላለን። ጠርዙ እንደ ማሽኑ የጠራ አይደለም። ሁለት አንድ ዓይነት ካርድም አይወጣም።

ዛሬ በስልክ ሰላምታ መላክ ይቻላል፤ እኛም እንልካለን። ነገር ግን ጎንደር ወይም ደሴ ያለች እናት ከግድግዳዋ ላይ ልትሰቅለው የምትችለው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ ውድ ወጣቶች፣ ለመማር የምትፈልጉ ሁሉ ምላጭና አሮጌ ጫማ ይዛችሁ ኑ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እንላለን። ካርዱን ለእናታችሁ ብትልኩትም፣ በገበያ ብትሸጡትም፣ ጀርባውን ገልብጡና ስማችሁን ጻፉበት። ገዢው «ስም አልፈልግም» ቢል፣ ካርዱን መልሳችሁ ለጎረቤታችሁ ስጡት።

መልካም ገና ይሁንላችሁ።