የቮልስዋገን ቢትል ዋጋ ግምት

ቮልስዋገን ቢትል (በኢትዮጵያ በተለምዶ ቮልስ) ሞተሩ ከኋላ የተገጠመና በአየር የሚቀዘቅዝ የጀርመን አውቶሞቢል ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

በኢትዮጵያ ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ተወዷል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ የተሸጠን ቮልስ በሌላ መተካት አስቸጋሪ ነው፤ ባለቤቱ ሳያስመረምር በደላላ ግምት ብቻ ከሸጠ ሊጎዳ ይችላል።

ዋጋውን የሚወስኑ ነገሮች

ዘመን፦ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ ለምሳሌ በ118 የሚጀምር ባለ 9 አሃዝ ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው። የኋላ መስኮታቸው ሞላላ የሆነ፣ ከ1953 እስከ 1957 የተሠሩት በሰብሳቢዎች ይበልጥ ይፈለጋሉ።

ኦሪጅናልነት፦ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር መመሳሰል አለባቸው። የተቀየረ ሞተር ለመንዳት ባያስቸግርም ሰብሳቢ የሚከፍለውን ይቀንሳል።

ዝገት፦ በተለይ ከባትሪው ሥር ያለው ወለል ይበላል። አዲስ ቀለም ጉዳቱን ስለሚሸፍን ምንጣፉን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ግምቱ የሚነጻጸረው ሻጮች ከሚጠሩት ዋጋ ጋር ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ቮልስ በእርግጥ ከተሸጠበት ዋጋ ጋር ነው።