እንግዳ በየወቅቱ የሚመጣበት አገር፦ የባሌ በዓላትና የጎብኚዎች ታሪክ ለገበሬው ምን ይነግረዋል?

ዛሬ ስለ ዋግ ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም የምናወራው፣ ስለ ታሪክ ነው። ግን ታሪኩ ከማሳችንና ከገበያችን የራቀ ስላልሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ከሮቤ ወደ ጎባ፣ ከጎባ ወደ ሰነቴ በሚወጣው መንገድ በየዓመቱ ስንት እንግዳ ያልፋል! አንዱ ለዚያራ፣ አንዱ ለጥምቀት፣ አንዱ ቀይ ቀበሮ ለማየት ይመጣል። ታድያ ይህ ሁሉ ሰው ሲያልፍ ከእኛ ምን ገዝቶ ይሄዳል? ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ውሃና ብስኩት ነው። ማሩ፣ ገብሱ፣ ቡናው እያለ። ይህ ለምን እንደሆነና ሌላ አገር ያሉ ገበሬዎች እንዴት እንደለወጡት እስቲ እንይ።

1. እንግዳ ለባሌ አዲስ አይደለም

ሆቴልና አስፋልት ሳይኖር በፊት ባሌ የእንግዳ አገር ነበረች። በገዳ ሥርዓት የኦሮሞ ጎሳዎች በየስምንት ዓመቱ ጂላ የሚባሉ መልእክተኞችን ወደ አባ ሙዳ ይልኩ ነበር። ጂላዎቹ ከሩቅ አገር በእግር ተጉዘው ወደ ደቡብ፣ ወደ መደ ወላቡ አቅጣጫ ይወርዱና ምርቃት ተቀብለው ይመለሱ ነበር። ጉዞው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተከልክሎ ቆመ። የገዳ ሥርዓት ግን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሌላው ጉዞ እስካሁን አልቆመም፤ የድሬ ሼህ ሁሴን ነው። ሼህ ሁሴን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በባሌ እስልምናን ያስተማሩ ታላቅ ሰው ናቸው። መቃብራቸው ያለበት አናጂና ነጭ በነጭ በተቀቡ ግንቦቿ ትታወቃለች። ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከሶማሌ፣ ከሌላም ቦታ ሰው ይመጣል። ተጓዦቹ ገሪባ ይባላሉ፤ በእጃቸው ጫፉ ሹካ የመሰለውን ኡሌ የሚባለውን በትር ይይዛሉ፣ በመንገድም ባህሮ የሚባለውን ውዳሴ ያዜማሉ። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ዶናልድሰን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምና ተጓዥ እዚህ ቦታ ደርሶ ያየውን በመጽሐፉ ጽፏል። እንግዲህ የውጭ ጎብኚ ባሌ መምጣት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

በዱሮው ልማድ ገሪባ ደጃፍ ሲቆም ወተትም ቂጣም ይሰጠዋል፣ እሱም ይመርቃል። ሽያጭ አልነበረም። ይህ ትልቅ ባህል ነው፣ ይቀጥል። ግን ዛሬ ብዙው እንግዳ በመኪና ነው የሚመጣው፣ ገንዘብም ይዟል። ምርቃቱም ገበያውም ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

በዚያው መንገድ ሶፍ ኡመር ዋሻ አለ። የወይብ ወንዝ ድንጋዩን ሰርስሮ የሠራው ነው፤ የውስጥ መንገዶቹ ሁሉ ተደምረው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፣ በአገራችንም ረጅሙ ዋሻ ነው። ሶፍ ኡመር የሼህ ሁሴን ተከታይ እንደነበሩ ይነገራል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን አስተውሉ። ወይብ የሚነሳው ከእኛው ተራራ ነው። ደጋው ከተራቆተ ዋሻውም፣ ቆላው ያለው ወንድማችንም ይጎዳል።

2. ተራራው እንዴት ታወቀ?

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ የደጋ አጋዘንን ገድሎ ቆዳና ቀንዱን ወደ አገሩ ወሰደ። ሳይንስ እንስሳውን ያወቀው ያኔ ነው፤ እኛ ግን ገደምሳ ብለን ከጥንት እናውቀዋለን። ከዚያ በ1950ዎቹ ሌስሊ ብራውን የተባለ ተመራማሪ ስለ አጋዘኑ አጥንቶ ቦታው እንዲጠበቅ መከረ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም ዲንሾ ሆነ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣል? ከፍታው 4,377 ሜትር የሆነውን ቱሉ ዲምቱን፣ የሰነቴን አምባ፣ የሐረናን ደን፣ ከሁሉ በላይ ግን ቀይ ቀበሮን። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። ምግባቸውም በዋናነት ፍልፈልና አይጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ታሪክ አለ፣ እኛንም ይመለከታል። በ1984፣ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም. አካባቢ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተላልፎ ነበር። በተጠቃው ሸለቆ ከአራት ቀበሮ ሦስቱ ያህል ያለቁበት ጊዜ አለ። በሽታው ቀበሮን ብቻ አይደለም የሚገድለው፣ ላምንም ልጅንም ይገድላል። ስለዚህ ውሻ ማስከተብ የፈረንጅ ጉዳይ አይደለም፣ የራሳችን ጉዳይ ነው። ክትባት ሲመጣ ውሻችሁን አታስቀሩ።

3. ወይን ገበሬዎቹ ምን አደረጉ?

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ቡርጎኝ የሚባል የወይን አገር አለ። ከእናንተ መካከል አልኮል የማይቀምስ ብዙ እንዳለ አውቃለሁ። ወሬው ግን ስለ መጠጡ አይደለም፣ ምርት አምርቶ ገዢ ስላጣ ገበሬ ነው። ይህ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። ወይኑ በጓዳ ሞልቶ የሚገዛው ጠፋ። በ1934 ኑዊ ሳን ዦርዥ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወሰኑ ሰዎች ተሰበሰቡና ማኅበር አቋቋሙ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ገዢ ካልመጣ እንግዳ እንጥራ፣ ከአገራችን ምግብ ጋር እናቅምሰው፣ ሲመለስ ስማችንን ይዞ ይሂድ። የድግሱ ወሬ በዓለም ተሰማ።

በ1938 ያው ማኅበር ሌላ ነገር ጀመረ። ሳን ቫንሳን የወይን ገበሬዎች ጠባቂ ነው የሚባል ቅዱስ ነው፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥር 14 ላይ ይውላል፣ ከጥምቀት ሦስት ቀን በኋላ ማለት ነው። በየመንደሩ በስሙ የተሰየመ መረዳጃ ማኅበር ነበር። ምን ይሠራል መሰላችሁ? አንድ ገበሬ ሲታመም ሌሎቹ ተሰብስበው ወይኑን ይገርዙለታል፣ ይኮተኩቱለታል። የእኛ ደቦና እድር በሉት! በዓሉ እነዚህን ማኅበራት አንድ ላይ ያመጣል። ተራ አለው፤ ዘንድሮ አንዱ መንደር ያዘጋጃል፣ ለከርሞ ሌላው። የተራው መንደር ሰዎች ክረምቱን ሙሉ የወረቀት አበባ ሲሠሩ ይከርማሉ። ማኅበራቱ ሰንደቃቸውን ይዘው በብርድ ይሰለፋሉ፣ እንግዳውም ብርጭቆ ገዝቶ እየዞረ ይቀምሳል። ጥር ለእነሱ ብርድ የበዛበት፣ እንግዳ የማይጠበቅበት ወር ነው። በዓሉ ግን ያንን ወር የገበያ ወር አደረገው።

በዚያው አገር ቦን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ በ1443 የተመሠረተ የድሆች ሆስፒታል አለ። ባለጸጎች ሲሞቱ የወይን ማሳቸውን ለሆስፒታሉ እያወረሱ ሄዱ። ከ1859 ጀምሮ የዚያ ማሳ ወይን በየዓመቱ ኅዳር ላይ በጨረታ ይሸጣል፣ ገንዘቡም ለሕክምና ይውላል። ጨረታውን ለማየት ብቻ የሚመጣው ሰው ከተማውን ይሞላዋል። በ2015 ደግሞ የወይን ማሳዎቹ ራሳቸው በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ እንደ እኛ ተራራ ማለት ነው።

ሁሉም ግን ጥሩ ብቻ አይደለም። የሳን ቫንሳን በዓል ሰው ከልክ በላይ በዝቶበት ትንንሾቹን መንደሮች ያስጨነቀበት ጊዜ ነበር። እንግዳ ሲበዛ ቆሻሻ፣ ጭቅጭቅና የዋጋ ንረት አብሮ ይመጣል። ይህንንም ልብ እንበል።

ሩቅ ነው ካላችሁ ደግሞ ቅርባችን ባቱን (ዝዋይን) ተመልከቱ። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ባቱ አጠገብ ወይን ተክሎ በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለገበያ አወጣ። የቦታው ስም ጠርሙሱ ላይ ሲጻፍ ዋጋ እንደሚጨምር ኩባንያው ያውቃል። የእኛ ማር ግን አሁንም ስም በሌለው ጀሪካን ነው የሚሄደው።

4. ለእኛ የሚሆነው የቱ ነው?

መጀመሪያ የእንግዳውን ወቅት ከእርሻችን ወቅት ጋር እናስተያይ። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፦ በልግ (ገንና) እና መኸር (ቦና)።

መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ አይንቀሳቀሱም። በጥምቀት ሰሞን የቦናው ስንዴና ገብስ በአብዛኛው ተሰብስቧል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ፓርኩን የሚጎበኘውም በብዛት የሚመጣው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ለቆሎ፣ ለበሶና ለጭኮ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

የአረፋ ዚያራ ግን ይንቀሳቀሳል። የሒጅራ ዓመት ከእኛ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። አረፋ በ2015 ሰኔ 21፣ በ2016 ሰኔ 9፣ በ2017 ግንቦት 29 ነበር። እንዲህ እያለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሚያዝያ፣ ከዚያም መጋቢት ይገባል፤ እሱ ደግሞ የበልግ ዘር የሚዘራበት ጊዜ ነው። ዙሩን የሚጨርሰው በ33 ዓመት ነው። ስለዚህ ለዚያራው የሚሸጥ በግ ወይም ወይፈን የሚያደልብ ሰው ያለፈውን ዓመት ቀን ይዞ መቁጠር የለበትም። ሦስት ወር ወደኋላ ቆጥሮ ማድለብ ይጀምር።

ሁለተኛው ጥራት ነው። ማር ሲቆረጥ ከእንጀራው ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም የታሸገ ይሁን፤ ያልታሸገው ውሃ ስላለው ይኮመጥጣል። እጭ ያለበትን እንጀራ አትቀላቅሉ። ዕቃው ንጹሕና ክዳኑ ጥብቅ ይሁን፣ ማር ከአየር እርጥበት ይስባል። ሐረና ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ቡናውን ቀይ ቀዩን ብቻ ልቀሙ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አድርቁ። የሐረናን የጫካ ቡና ስሎው ፉድ የሚባለው የጣሊያን ማኅበር ጭምር ያውቀዋል። ስሙ አለን ማለት ነው፣ የጎደለው ስሙን የሚመጥን አያያዝ ነው።

ሦስተኛው እሳት ነው። ማር ስትቆርጡ ጢሱን በደንብ አጥፉ። አስታው አንዴ ከተያያዘ ተራራውን ይበላል፣ ቀጥሎ አበባው ይጠፋል፣ ንቡም ይሄዳል።

አራተኛው ተራ ነው። የቡርጎኝ ገበሬዎች ብቻቸውን አልተነሱም፣ የነበራቸውን መረዳጃ ማኅበር ነው የተጠቀሙት። እኛም እድር አለን፣ ደቦ አለን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አለን። ዘንድሮ በአንዱ ቀበሌ፣ ለከርሞ በሌላው እየተዞረ ማርና ገብስ ለእንግዳ የሚቀርብበት አንድ ቀን ቢኖረን ምን ይከለክለናል? በትንሹ እንጀምር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አሥር ማሰሮ ንጹሕ ማር፣ ጭኮ የምታውቅ አንዲት አዴ፣ የቀበሌውም ስም የተጻፈበት ወረቀት።

በእናንተ ቀበሌ እንግዳ በብዛት የሚመጣው መቼ ነው? ምንስ ይጠይቃችኋል? ከታች ጻፉልን። ስልክ ለሌላቸው ኦቦዎችና አዴዎች ደግሞ አንብቡላቸው። ሰብላችሁ ያምር፣ በሌላ ትምህርት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።