ስለ ድኅነት የተጻፉ መጻሕፍትን እንዴት እንምረጥ? እንዴትስ እናንብብ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ ውስጥ በርበሬ በረንዳ የሚባለውን ስፍራ የማያውቅ ጥቂት ነው። ስሙን ከንግዱ ያገኘ ሠፈር ነው። ወደዚያ የምትወርድ እናት የመጀመሪያውን ጆንያ አይታ ብቻ አትገዛም። ዛላውን ገልብጣ ታያለች፤ ሻጋታ እንዳይኖረው ትመረምራለች፤ ታሸታለች፤ ከየት አገር እንደመጣ ትጠይቃለች። ብዙዎች የተፈጨውን ከመግዛት ዛላውን ገዝተው፣ ቀንጥሰውና አድርቀው ራሳቸው ማስፈጨትን ይመርጣሉ፤ የተፈጨ በርበሬ ምን እንደተደባለቀበት በዓይን አይለይምና።

ለወጥ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ምእመናን፣ ስለ ነፍሳችን ድኅነት የሚናገር መጽሐፍ ስንገዛ ግን ሽፋኑን ብቻ አይተን የምናልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በሽፋኑ ላይ መስቀል ወይም ቅዱስ ሥዕል ስላለበት ብቻ መጽሐፍ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይሆንም። ስለዚህ ምን እንደምናነብና እንዴት እንደምናነብ ማወቅ ያስፈልገናል።

ድኅነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ነገረ ድኅነትን የምታስተምረው ከነገረ ሥጋዌ ጋር አያይዛ ነው። አካላዊ ቃል ወልድ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ ሰው ሆነ፤ በመስቀል ላይ ተሰቅሎ ሞትን ድል አደረገ፤ በትንሣኤውም ሕይወትን ሰጠን። ይህን በነጻ የተሰጠንን ጸጋ የምንቀበለው አምነን፣ ተጠምቀን፣ ሥጋውንና ደሙን ተቀብለን፣ በንስሓና በበጎ ሥራ ጸንተን ነው። እምነት፣ ምሥጢራትና ምግባር የማይነጣጠሉ ናቸው። አንዱን ከሌላው የሚለይ መጽሐፍ ስለ ድኅነት ቢያወራም ድኅነትን አሟልቶ አላስተማረም።

ጥቅሱን ከነዛላው ማየት

ከአውዱ ተቆርጦ የቀረበ ጥቅስ እንደ ተፈጨ በርበሬ ነው። የተጻፈው ቃል እውነት ቢሆንም፣ ጸሐፊው ምን እንዳስቀረ አንባቢው አያይም። ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ያለው የወኅኒ ጠባቂ ታሪክ ነው። ለመዳን ምን ማድረግ እንደሚገባው ሲጠይቅ፣ በጌታ በኢየሱስ እንዲያምን በቁጥር 31 ተነገረው። ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ነገር ግን ወደ ቁጥር 33 ዝቅ ያለ አንባቢ፣ ይህ ሰው በዚያችው ሌሊት ከቤተ ሰቡ ጋር እንደ ተጠመቀ ያገኛል።

ሁለተኛው በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 2 ያለው ነው። ሐዋርያው በቁጥር 8 በጸጋ፣ በእምነት መዳናችንን ይናገራል። በቁጥር 10 ደግሞ መልካሙን ሥራ እንድናደርግ በክርስቶስ እንደ ተፈጠርን ያስተምራል። ይህን ከያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ጋር አስተያይቶ ያነበበ ሰው ሐዋርያት እርስ በርሳቸው እንደማይጣሉ ይረዳል። በሁለቱም ቦታ ስሕተቱ የመጣው ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ካለማንበብ ነው።

ሊኖሩን የሚገቡ መጻሕፍት

*ቅዱሳት መጻሕፍት፦* ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው መጻሕፍት 81 ናቸው፤ 46ቱ ብሉያት፣ 35ቱ ሐዲሳት። ከ35ቱ 27ቱ ከወንጌል እስከ ራእይ ያሉት ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ 8 የሥርዓት መጻሕፍት ናቸው። በብዙዎች እጅ ያለው የ1954 ዓ.ም ትርጉም በአብዛኛው የሚታተመው 66 መጻሕፍትን ይዞ ነው። ስለዚህ እንደ ሄኖክ፣ ኩፋሌ፣ ጦቢትና ሲራክ ያሉትን ለማንበብ ሰማንያ አሐዱን የያዘውን እትም መፈለግ ይገባል።

*የትርጓሜ መጻሕፍት፦* ሊቃውንቱ ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን በአራቱ ጉባኤያት ሲያስተምሩ የኖሩት የአንድምታ ትርጓሜ ዛሬ በብዙ ክፍሉ ታትሞ ይገኛል። መጀመሪያ የግእዙ ንባብ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ይፈታል፤ ከዚያም «አንድም» እየተባለ ምሥጢሩ፣ ታሪኩና ምሳሌው ይብራራል። አማርኛው ጥንታዊ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ሲከብድ ግን መጽሐፉን መዝጋት ሳይሆን መምህር መጠየቅ ነው።

*የአበው መጻሕፍት፦* በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግእዝ የተመለሰው ቄርሎስና ከዐረብኛ የተተረጎመው ሃይማኖተ አበው ስለ ሥጋዌና ስለ ድኅነት የምናምነውን ያጸናሉ።

*የዘመናችን መጻሕፍት፦* በሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በማኅበራት በአማርኛ የሚዘጋጁት ለጀማሪ መግቢያ ናቸው። የአበውን መጻሕፍት ግን አይተኩም።

ከመግዛታችን በፊት እንጠይቅ

ጸሐፊው ማን ነው? ከማን ተማረ? አሳታሚውስ ማን ነው? ጥቅሱን ምዕራፉን ጠብቆ ያቀርባል? ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቁርባንና ስለ ንስሓ ይናገራል ወይስ ዝም ብሎ ያልፋል? ስለ እመቤታችንና ስለ ቅዱሳን ክብር ምን ይላል?

ጥንቃቄው በሌላ ወገንም ያስፈልጋል። ያለ ንስሓና ያለ ቅዱስ ቁርባን፣ በአንገት በመታሰሩ ወይም በቤት በመቀመጡ ብቻ ያድናል ተብሎ የሚሸጥ ጽሑፍ አለ። የብራና መልክ ቢኖረውም፣ በግእዝ ቢጻፍም የቤተ ክርስቲያን የድኅነት ትምህርት አይደለም። አንዱ ምሥጢራትን በመተው፣ ሌላው ንስሓን በመተው ምእመኑን ከአንድ መንገድ ያወጡታል።

ማንበብ ወዴት ያድርሰን?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተነገረለት ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ። መጽሐፉ ተተረጎመለት፤ ክርስቶስ ተሰበከለት፤ ወደ ውኃም ደርሶ ተጠመቀ። ያ ባለ ሥልጣን ንባብን ከመምህር፣ መምህርን ከምሥጢር አልለየም።

እኛም መጽሐፍ ገዝተን ስንመለስ ይህን መንገድ እንከተል። ያነበብነውን ወደ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ይዘን፣ የንስሓ አባታችንንና መምህራንን እንጠይቅ። መደርደሪያውን በመጽሐፍ ሞልቶ ከቅዱስ ቁርባን የራቀ ሰው፣ በርበሬውን መርጦ ገዝቶ፣ አስፈጭቶ ሳይመገብ እንደቀረ ሰው ነው።

አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።